አስሊውን ከሸክም ያሳረፈ መሐንዲስ፦ የሲይሞር ክሬይ ሕይወትና ሥራ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከሰበታ መንገድ ብዙም በማይርቀው በፉሪ ተራራ ላይ፣ ከ1997 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ተተክሏል። ጣቢያው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ጋር በመተባበር የተቋቋመ፣ በዓለም ዙሪያ ከተዘረጉት 150 ያህል ጣቢያዎች አንዱ ሲሆን፣ በመረቡ መዝገብ የሚታወቀውም በዚሁ በተራራው ስም ነው። የመሣሪያው ተግባር የምድርን እንቅስቃሴ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እየለካ ሌሊትና ቀን በቁጥር መጻፍ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ብቻቸውን የሚናገሩት ጥቂት ነው። የምድርን ውስጣዊ አካል ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንት፣ ከፉሪና ከመሰል ጣቢያዎች የተሰበሰበውን ምዝገባ በኮምፒዩተር ከተሰላ የሞገድ ጉዞ ጋር ማስተያየት ይኖርባቸዋል። ስሌቱም እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ፕሮሰሰር ተብለው የሚታወቁት አስሊ ክፍሎች በሺህ እየተቆጠሩ በአንድነት እንዲሠሩት ይደረጋል፤ ይህም ትይዩ ስሌት ይባላል። በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ከሚገጥማቸው እንቅፋት ዋነኛው ደግሞ ስሌቱ ራሱ ሳይሆን፣ መረጃው ከማከማቻው ወጥቶ አስሊው ዘንድ እስኪደርስ፣ ውጤቱም ተመልሶ እስኪጻፍ ድረስ በከንቱ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ነገሩ ከወፍጮ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ባለ ወፍጮው የድንጋዩን ፍጥነት በእጥፍ ቢያሳድግ፣ እህሉ ግን እንደ ወትሮው በአንድ አህያ ጀርባ የሚመጣ ከሆነ፣ ድንጋዩ ባዶውን ከመዞር በቀር ዱቄቱ አይበዛም። ባለ ወፍጮው ራሱ ሥራውን እያቋረጠ አህያውን የሚጭንና የሚያራግፍ ከሆነማ ጉዳቱ የባሰ ነው። ሲይሞር ክሬይ በኮምፒዩተር ታሪክ ስሙ የገነነው ፈጣን ድንጋይ በመሥራቱ ነው፤ ሥራውን በጥሞና ለሚመረምር ግን፣ ከዚያ ያላነሰ ሐሳቡን ያዋለው በጭነቱና በመንገዱ ላይ እንደ ነበረ ይገነዘባል።

ክሬይ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1925 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቺፔዋ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሲቪል መሐንዲስ ነበር፤ ልጁ በኤሌክትሪክና በሬዲዮ ነገር ያደረበትን ፍቅር ተመልክቶ የቤቱን ምድር ቤት ለሙከራ ለቀቀለት። ክሬይ ገና በ10 ዓመቱ ገደማ፣ ከመጫወቻ ብረታ ብረት፣ በወረቀት ጥቅል ላይ የተበሱ ቀዳዳዎችን ወደ ሞርስ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ እንደ ሠራ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ቢሆንም፣ የተቀመጠን መረጃ አንብቦ በሌላ መልክ የሚያወጣ ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያ ሥራው የግብአትና የውጤት መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1943 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ለውትድርና ተጠራ። በመጀመሪያ በአውሮፓ ግንባር በሬዲዮ ሠራተኛነት አገለገለ፤ ቀጥሎም ወደ ፊሊፒንስ ተዛውሮ የጃፓንን የምሥጢር መልእክቶች በመፍታት ሥራ ተሰማራ። ከጦርነቱ በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1951 ደግሞ በተግባራዊ ሒሳብ የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ።

ትምህርቱን ሳያጠናቅቅ በ1950 በሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው ኢንጂኔሪንግ ሪሰርች አሶሺየትስ በተባለው ድርጅት ተቀጥሮ ነበር። የዚህ ድርጅት መሥራቾች በጦርነቱ ዘመን በባሕር ኃይል ውስጥ የምሥጢር መልእክት ሲፈቱ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ወጣቱ መሐንዲስ በዚያ 1103 በተባለው ኮምፒዩተር ሥራ ተካፍሎ ሙያውን አዳበረ። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ተሸጦ የትልልቅ ኩባንያዎች ቅርንጫፍ ሲሆንና አስተዳደሩ እየተንዛዛ ሲሄድ፣ ዊልያም ኖሪስና ባልደረቦቹ ተለይተው በ1957 ኮንትሮል ዳታ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ክሬይም በእጁ የነበረውን የባሕር ኃይል ሥራ ከፈጸመ በኋላ ተከተላቸው።

በአዲሱ ኩባንያ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው በ1960 ለገበያ የቀረበውና በትራንዚስተር የተሠራው 1604 ነው። ከእርሱ ጋር 160 የምትባል፣ በአንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ኮምፒዩተር ነደፈ። ይህች ትንሽ ኮምፒዩተር ብቻዋን ልትሠራ የምትችል ስትሆን፣ ከ1604 ጋር ስትገጠም ግን የረዳትነት ተግባር ይሰጣት ነበር። ካርድና ቴፕ ማንበብ፣ ውጤትን ወደ ማተሚያ መላክ የእርሷ ፈንታ ሆነ፤ ትልቁ ኮምፒዩተርም ከነዚህ ዘገምተኛ ዕቃዎች ጋር ከመታገል ዳነ። በኋላ ዓለምን ያስደነቀው ሐሳብ በዚህ መልክ ተጠነሰሰ።

ክሬይ ስብሰባና የጽሕፈት ቤት ግርግር ይጠላ ስለ ነበረ፣ በ1962 ላቦራቶሪውን ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ቺፔዋ ፎልስ አዛወረ። እዚያም ከባልደረባው ከጄምስ ቶርንተን ጋር 6600 የተባለውን ኮምፒዩተር አዘጋጀ። ኮምፒዩተሩ በ1964 ሥራ ሲጀምር በሰከንድ እስከ 3 ሚሊዮን ያህል የአስርዮሽ ስሌቶችን የሚያከናውን፣ በዘመኑም ከነበሩት ሁሉ የላቀ ነበር። የአይቢኤም ኩባንያ ሊቀመንበር ቶማስ ዋትሰን፣ የጽዳት ሠራተኛውን ጨምሮ ከ34 የማይበልጡ ሰዎች ግዙፉን ኩባንያቸውን እንዴት ሊቀድሙ እንደ ቻሉ ለመጠየቅ ለሹማምንታቸው ማስታወሻ እስከ መጻፍ ደርሰዋል።

የ6600 ምሥጢር በትራንዚስተሮቹ ፍጥነት ብቻ የሚፈታ አይደለም። በዚያ ዘመን አስሊው ክፍል ከካርድ ማንበቢያና ከቴፕ ጋር ራሱ መነጋገር ይገባው ነበር። ይህን ጭነት ለማቃለል ቻናል የተባለ ረዳት ክፍል በአይቢኤም ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀድሞ ታይቷል፤ ክሬይ ግን ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ገፋበት። በ6600 ዋናው አስሊ የግብአትና የውጤት ትእዛዝ ጨርሶ አልተሰጠውም። የእርሱ ፈንታ ማስላት ብቻ ሆነ። በዙሪያው ንድፋቸው ከዚያችው ከ160 የተወረሰ፣ እያንዳንዳቸው 4,096 ቃላት የሚይዝ ማኅደረ ትውስታ ያላቸው 10 ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ተሰለፉ። በ12 መስመሮች አማካይነት ከዲስክ፣ ከቴፕ፣ ከካርድ ማንበቢያና ከማተሚያ ጋር የሚገናኙት እነርሱ ነበሩ። ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ሥርዓትም በአብዛኛው የሚሠራው በእነርሱው ላይ ነበር።

የእነዚህ ረዳቶች አሠራር በራሱ የቁጠባ ትምህርት ነው። አሥሩም የየራሳቸው ማኅደረ ትውስታ ይኑራቸው እንጂ፣ ትእዛዝ የሚፈጽመው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ለሁሉም አንድ ነበር። ይህ ክፍል እንደ ዕቁብ ተራውን እየጠበቀ ለእያንዳንዳቸው ይደርሳል፤ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥም አሥሩን አዳርሶ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዲስክና ቴፕ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ዘገምተኞች ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ረዳት ተራው እስኪደርስ መጠበቁ የሚያጓድለው ነገር አልነበረም። በአንድ ክፍል ዋጋ የአሥር አገልግሎት ተገኘ ማለት ነው።

በ1969 የወጣው 7600 ከ6600 እስከ 10 እጥፍ የፈጠነ ነበር። ቀጥሎ የታሰበው 8600 ግን ብዙ ችግር ገጠመው። አራት አስሊዎችን በአንድነት ሊያሠራ የታቀደው ይህ ኮምፒዩተር፣ ክፍሎቹ እጅግ በመብዛታቸውና በመጠጋጋታቸው አንዱ ሲበላሽ ሁሉም የሚቆም ሆነ። ኩባንያው ሥራውን እንደ ገና ለመጀመር የሚያስችል ገንዘብ ለመስጠት ባለመቻሉ፣ ክሬይ በ1972 በሰላም ተሰናብቶ በስሙ የሚጠራውን ክሬይ ሪሰርች አቋቋመ።

በዚያን ጊዜ ኮንትሮል ዳታ ስታር-100 የተባለ፣ ረጃጅም የቁጥር ሰልፎችን በአንድ ትእዛዝ የሚያሰላ ኮምፒዩተር በመሥራት ላይ ነበር። ስታር-100 ቁጥሮቹን ለእያንዳንዱ ስሌት ከዋናው ማኅደረ ትውስታ እያመጣ ውጤቱንም ወደዚያው ይመልስ ስለ ነበር፣ ብዙ ጊዜው በመመላለስ ያልቅ ነበር። ክሬይ ከዚህ ስሕተት ተማረ። በ1976 የመጀመሪያው ለሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በደረሰው በክሬይ-1 ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው 64 ቁጥር የሚይዙ 8 ፈጣን መያዣዎችን ከአስሊው አጠገብ አኖረ። አንድ ጊዜ የመጣው ቁጥር እዚያው ቆይቶ ብዙ ሥራ እንዲሠራበት ተደረገ። የኮምፒዩተሩ አካል እንደ ቀለበት የተጠማዘዘውም፣ በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከ1.2 ሜትር እንዳይረዝሙ ነበር፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ የሚወስደው ጊዜ በዚያ ፍጥነት ቀላል አልነበረም። ጥቂት ገዢዎች ብቻ ይጠበቁለት የነበረው ክሬይ-1 ከ80 በላይ ተሸጠ።

ይሁን እንጂ በዚሁ ታላቅ ሥራው ክሬይ የራሱን የቀድሞ ትምህርት በከፊል ችላ ብሎት ነበር። ክሬይ-1 እንደ 6600 ያሉ 10 ረዳቶች አልነበሩትም፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በመስመሮቹና በፊቱ በሚቆሙ ሌሎች ኮምፒዩተሮች አማካይነት ነበር። አስሊው በፈጠነ መጠን ዲስኩን የሚጠብቅበት ጊዜ ጎልቶ በመታየቱ፣ ኩባንያው በኋላ ባወጣው በክሬይ-1ኤስ ላይ ለግብአትና ለውጤት ብቻ የተለዩ አስሊዎችን መልሶ መጨመር ግድ ሆነበት። በስቲቭ ቼን መሪነት ተሠርቶ በ1982 የወጣው ኤክስ-ኤምፒ ደግሞ፣ በዲስኩና በዋናው ማኅደረ ትውስታ መካከል የሚቀመጥ፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ሰፊ ማከማቻ ሊታከልለት የሚችል ነበር። ክሬይ ራሱ በ1985 ባወጣው በክሬይ-2 ወደ ጥንቱ ሐሳቡ ተመለሰ። በዚህ ኮምፒዩተር አራት አስሊዎች ስሌቱን ሲሠሩ፣ አንድ የተለየ ክፍል ደግሞ ሥራውን ያስተባብርና የመረጃውን መግቢያና መውጫ ይቆጣጠር ነበር።

በዚያው ዘመን በሙያው ዘንድ አንድ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ርካሽ የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ አስሊዎችን ማስተባበር ይሻላል ይሉ ነበር። ክሬይ ግን ጥቂት፣ ነገር ግን እጅግ ፈጣን አስሊዎችን መረጠ። ምክንያቱ ከትዕቢት የመጣ አልነበረም። ጂን አምዳል በ1967 እንዳስረዳው፣ ከአንድ ሥራ ውስጥ ሊከፋፈል የማይችለው ድርሻ ምንጊዜም የጠቅላላውን ፍጥነት ይወስናል፤ አሥረኛው እጅ ሊከፋፈል የማይችል ሥራ፣ ሺህ አስሊ ቢመደብለት እንኳ ከ10 እጥፍ በላይ ሊፈጥን አይችልም። ሁሉም በአንድ በር የሚያልፉበት የፋይል ንባብና ጽሕፈት ደግሞ እንዲህ ላለው ድርሻ ዋና ምሳሌ ነው።

ክሬይ በዚህ እምነቱ ጸንቶ በ1989 ከኩባንያው ተለየና በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ክሬይ ኮምፒዩተር ኮርፖሬሽን የተባለ ሌላ ድርጅት መሠረተ። በሲሊኮን ፈንታ ጋሊየም አርሴናይድ የተባለውን ንጥረ ነገር በመጠቀም ክሬይ-3ን ሊሠራ ተነሣ። ሥራው ከታቀደለት ጊዜ ዘገየ፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃትም ገዢዎችን አሳጣው። አንድ ኮምፒዩተር በ1993 ለአሜሪካ የከባቢ አየር ምርምር ማእከል ለሙከራ ቢሰጥም፣ አንድም ሳይሸጥ ድርጅቱ በማርች 1995 ከሰረ። ክሬይ በዚያን ጊዜ 69 ዓመቱ ነበር።

በዚህ ዕድሜና ከዚህ ውድቀት በኋላ ያደረገው ነገር የሰውየውን ማንነት ይገልጻል። በ1996 ኤስአርሲ የተባለ አዲስ ድርጅት አቋቁሞ፣ ለብዙ ዓመታት ሲቃወመው የኖረውን በርካታ አስሊዎችን የማስተባበር መንገድ ተቀበለ። በአዲሱ ንድፉ ትኩረት የሰጠው አስሊዎቹን ለማፍጠን ሳይሆን፣ በመካከላቸው ላለው የመረጃ መለዋወጫና ለማኅደረ ትውስታው ነበር። የክርክሩ ተሸናፊ ሆኖ ሳለ፣ የአሸናፊዎቹን ደካማ ጎን ለመጠገን ተነሣ ማለት ነው። ሥራው ገና እንደ ተጀመረ ግን ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ አውራ ጎዳና ላይ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ኦክቶበር 5 ቀንም በ71 ዓመቱ ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው አይትሪፕልኢ በስሙ የሚጠራ ሽልማት አቋቋመ።

የፉሪ ጣቢያ ሥራ የጀመረውም በዚሁ በ1997 ነው። ደግሞም በዚያው ዓመት፣ በትይዩ ኮምፒዩተሮች መካከል መልእክት የሚተላለፍበት ኤምፒአይ የተባለው ደንብ በሁለተኛ እትሙ ፋይልን በኅብረት የማንበብንና የመጻፍን ሥርዓት አካተተ። የዚህ ሥርዓት አስፈላጊነት ግልጽ ነው። 10,000 አስሊዎች እያንዳንዳቸው ቁራጭ ቁራጭ መረጃ ይዘው ወደ አንድ ፋይል ቢሮጡ፣ ዲስኩ ከመጻፍ ይልቅ ቦታ በመፈለግ ይደክማል፤ የፋይሉ አስተዳዳሪም ተራ ሲያስጠብቅ ይውላል። እያንዳንዱ የራሱን ፋይል ይክፈት ቢባል ደግሞ፣ ባለ ጉዳይ እንደ በዛበት መዝገብ ቤት፣ የፋይሎችን ስምና ቦታ የሚይዘው ክፍል ይጨናነቃል። ስለዚህ ጥቂት አስሊዎች ሰብሳቢ ሆነው ይመረጣሉ፤ የጎረቤቶቻቸውን ቁርጥራጭ ተቀብለው በቅደም ተከተል ካሰናዱ በኋላ በትላልቅ ጥቅል ይጽፉታል። በመረጃ መለዋወጥ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ፣ ከዲስኩ ላይ በሚተርፈው ብዙ ጊዜ ይካሳል።

ከዚህም ጋር አንዱን ፋይል በብዙ ዲስኮችና በብዙ አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ላይ መበተን የተለመደ ሆነ፤ ከ2003 ጀምሮ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ሥራ ላይ የዋለው ሉስተር የተባለው የፋይል ሥርዓት ለዚህ ምሳሌ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ብሂል ለዚህ አሠራር ይስማማል። የአይቢኤም ኩባንያ በ2004 ያወጣው ብሉ ጂን ደግሞ ስሌት የሚሠሩትን ክፍሎች ፋይል ከሚያነቡትና ከሚጽፉት ክፍሎች ለይቶ ነበር የተሠራው። የ6600ን አሥር ረዳቶች የሚያስታውስ ሰው፣ ከ40 ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ በትልቅ መልክ እንደ ተመለሰ ይገነዘባል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድን በምድር ሙሉ አካል ውስጥ የሚያሰሉ ሊቃውንትም ይህን በሥራቸው አይተውታል። ስፔክፌም የተባለው ፕሮግራማቸው በመጀመሪያ ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ የምድርን አካል በትናንሽ ክፍልፋዮች ከፍሎ ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ያንኑ ከዲስክ አንብቦ ሞገዱን ያሰላል። በ2008 ሥራውን ወደ 62,000 ያህል አስሊዎች ለማሳደግ ሲነሡ፣ በመካከል ያለው የፋይል ብዛት መንገዱን ዘጋው። መፍትሔ የሆናቸው ፈጣን አስሊ መግዛት አልነበረም። ሁለቱን ክፍሎች አዋሕደው በመካከል የነበረውን የዲስክ ጉዞ አስቀሩት።

በአገራችንም ለአየር ጠባይ ትንበያ፣ ለመሬት ነውጥ ጥናትና ለመሳሰሉት ተግባሮች ኮምፒዩተር ሲታዘዝ፣ በቅድሚያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ የአስሊዎቹ ቁጥር ነው። የክሬይ ሕይወት ለማኅበሩ አባላት የሚያስገነዝበው፣ ከዚህ ጥያቄ ጎን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች መቅረብ እንዳለባቸው ነው። ይኸውም መረጃው በሰከንድ ምን ያህል ሊነበብና ሊጻፍ እንደሚችል፣ ያንንም ሥራ የሚሸከመው የትኛው ክፍል እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከፉሪና ከመሰል ጣቢያዎች የሚሰበሰበው ቁጥር በየዓመቱ እየተከማቸ ስለሚሄድ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መልስ ሊያገኙ ይገባል።